የነሐሱ ጅብ

ባለቤቴ የቆመ እንስሳ መሥራት አይወድም ነበር። «ቆሞ የሚታይ እንስሳ ለገበያ የወጣ በግ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። እሱ የሚፈልገው ዋልያው ከገደል ጫፍ ሲነሳ፣ ጭላዳው ቁልቁል ሲንደረደር፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ ላይ ሊያርፍ ሲዘል ያለችውን ቅጽበት ነበር። ዋልያውን በኋላ እግሮቹ ሰኮና ብቻ ከድንጋዩ ጋር ያያይዘዋል፤ የቀረው አካሉ አየር ላይ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ሊይዘው እጁን ይዘረጋል። እኔ ራሴ ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አቧራውን ስወለውል እንዳይወድቅብኝ በአንድ እጄ እደግፈው ነበር። ነሐስ ነው፣ የትም አይሄድም፤ ልቤ ግን አያምንም።

ሙያው የአባቱ ነው። አማቴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነበር የሚሠሩት፤ ጸናጽል፣ ቃጭል፣ የእጅ መስቀል። መጀመሪያ በሰም ይቀርጹታል። ሰሙን ከፈረስ ፋንድያ ጋር በተለወሰ ጭቃ ይሸፍኑታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ እሱ በነበረበት ባዶ ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አንድ አይሆንም። የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ የሚሉትን ነገር የወሰዱት ከእንዲህ ያለ ግቢ ነው። ቃሉን ወሰዱ፤ ከግቢው ግን ውሃ አይጠጡም።

ለምን እንደማይጠጡ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በኩል ብረትና ነሐስ የሚያቀልጥ ሰው ጠይብ ይባላል። የተማሩት ቃሉ ጠቢብ ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን ለምስጋና ሲባል ሰምቼው አላውቅም። ጠይብ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽም ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። አማቴ የሠሩትን ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ያደሩ ሰዎች፣ ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጥግ ይይዛሉ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። አማቴ በዚህ ኖረው በዚህ ሞቱ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እንኳ አልሰማሁም። እኔ ብሆን ኖሮ ድምፅ የሌለው ጸናጽል ነበር የምሠራላቸው።

እኔ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ጎንደር ስመደብ የትምህርት ቤታችን ደወል ተሰንጥቆ ነበር፤ ሊያበጀው የመጣው ሰው እሱ ነው። ደወሉን መልሶ ሲሰቅል «እስኪ አንቺ ምቺው፤ ዕለት ዕለት የምትሰሚው አንቺ ነሽ» አለኝ። መታሁት። ድምፁ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ደወሉን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው። እንዲያ ነው የወደድኩት። አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ ሲሰሙ ሰርጌ ላይ አልተገኙም፤ ወንድሞቼም እንዲሁ። እናቴ መጣች። ገበታ ሲቀርብ «ጾም ላይ ነኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ ካህኑም ሕፃኑም ያውቃል፤ ይህን ያስተማረችኝም እሷው ናት። ባለቤቴ «እግዜር ይቀበልልዎት፣ እማማ» ብሎ ሳህኑን በሁለት እጁ አነሳላት። ሙሽራ ናት፣ ከወላጆቿ ልትለይ ነው ብለው ገመቱ እንጂ ያን ዕለት ያለቀስኩት ለእሱ ነበር።

ደርግ በወደቀበት ዓመት አገሩ ሁሉ ቀለህ ነበር። ከአዘዞ እስከ ጠዳ በመንገዱ ዳር፣ በእርሻው፣ በጅረቱ ውስጥ ባዶ የጥይት ቀለህ ይለቀማል። ባለቤቴ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ ያመጣው ነበር። «ምን ላይ እንደዋለ ካላሰብሽበት ጥሩ ነሐስ ነው» ይለኛል። የመጀመሪያውን ዋልያ ያወጣው ከእነዚያ ቀለሆች ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ቃጭል ሠርቶ የተረፈው ነሐስ ስለነበረ ሠራው።

ፒያሳ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የኖሩ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው። ቱሪስት ተመልሶ መምጣት ሲጀምር ከእኛ መስቀል ይወስዱ ነበር። መስቀል ሊወስዱ መጥተው ዋልያውን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይሄ የጠይብ ሥራ አይደለም» አሉ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ፤ ቃሉን ከእሳቸው አፍ አልጠበቀውም ነበር። «ቀና በል እንጂ» አሉት፤ «ይሄ የቀራፂ ሥራ ነው እያልኩህ ነው። አንተ ቀራፂ ነህ።» ከዚያ ተቀምጠው ሻያችንን ጠጡ። በዚያ ከተማ ከእኛ ቤት ሥጋ ላለመብላት እውነተኛ ምክንያት የነበራቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ግቢያችን ገብተው የጠጡትም እሳቸው ብቻ።

ቀራፂ። ማታውኑ ቃሉን ደጋግሞ ለብቻው ሲለው ሰማሁት። እጁ ያው ነው፣ እሳቱም ያው ነው፣ ወናፉም የአባቱ ወናፍ ነው። ግን ቀራፂ የሚባል ሰው ውሃ ቢሰጥህ ትጠጣለህ። ባለቤቴ ከዚህ ዓለም የፈለገው ይኸንኑ ነበር፤ ለሰው ውሃ ሰጥቶ ሲጠጡለት ማየት። ሌላው ሁሉ፣ ቱሪስቱም፣ ፎቶውም፣ ሐጂ ሱቅ መስታወት ውስጥ መደርደሩም፣ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን እንዲያገኝልኝ ከመፈለጌ የተነሳ፣ የነፈጉትን ሰዎች ሁሉ እጠላ ነበር።

ሰፈር ቀየርን። አዲሱ ሰፈር ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ቢኖርም ዝም ብሏል። በራችን ላይ ቆርቆሮ ሰቅሎ በቀይ ቀለም «ቀራፂ» ብሎ ጻፈበት። የመጨረሻዋ ፊደል ጠመም ብላ ነበር፤ አስተማሪ ነኝና ላስተካክላት ብል እንቢ አለኝ።

ትምህርት ሲዘጋ አብረን ወደ ስሜን እንወጣ ነበር። አውቶቡሱ ኮሶዬን ሲያልፍ እኔ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ፤ የአባቴ ቤት ከመንገዱ ይታያል። ደባርቅ ወርደን ከዚያ በእግር ነው። እሱ ሜዳው ላይ ይቀመጥና ያያል። ሰሙ በብርዱ እንዳይጠጥርበት ብብቱ ሥር ይይዘዋል። ጭላዳዎቹን በዓይኑ ብቻ አልነበረም የሚያያቸው፤ እነሱ ወደ ገደሉ ሲያዘነብሉ የእሱም ትከሻ ያዘነብላል። ከዚያ ሰሙን ከብብቱ አውጥቶ፣ ወደ ሰሙ ሳይመለከት፣ በጣቱ ይጫነዋል። «መልኩን ቤት ሄጄም አገኘዋለሁ። ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ግን አሁን ካልያዝኩት ያመልጠኛል» ይላል። እኔ ደብተር አርማለሁ፣ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ የሚበላውን አቀብለዋለሁ። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የኖርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ደስ እንዳለኝም ያኔውኑ አውቀው ነበር።

የአዲሱ ሰፈር ጎረቤታችን የደባርቅ ገጠር ልጅ ነበረች። ባሏ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ ወደ መተማ ይመላለሳል። የገባን ሰሞን ትንሽ ልጇን አቅፋ በራችንን አንኳኳችና «ቧንቧዬ ተቋርጦብኝ ነው፣ ለልጄ የምትጠጣው ውሃ» አለች። ባለቤቴ ራሱ ቀድቶ ሰጣት። ልጇን አጠጣች፤ የተረፈውን እዚያው ቆማ ራሷ ጠጣችው። «ሸጋ ውሃ ነው፣ አያ» አለችው። ያው የከተማው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ባለቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ከዚያ በኋላ በበዓል እሷ እኛ ቤት ትበላለች፣ እኛም እሷ ቤት። እኛ ልጅ አልነበረንም፤ ልጅቷ የግቢያችን ልጅ ሆነች። እሱን አባባ ትለዋለች። እግር አውጥታ መሮጥ ስትጀምር የእሱ እንስሳት መሃል ነው የሮጠችው። ዋልያውን «ና ውረድ፣ ትወድቃለህ» ትለዋለች። የሰም ቁራጭ ይሰጣታል፣ እሷ እባብ ትሠራለች፤ ለዚያ ዕድሜ ከእባብ ሌላ የሚሠራ የለም። እባቦቿን ሁሉ አድንቆ ይቀበላታል።

ከአገራችን እንስሳት ሳይሠራው የቀረው ጅብ ነበር። ሐጂ አንድ ጊዜ አንስተውበት «ሌላ እንሥራ» ብሎ አለፈው፤ እሳቸውም አስተዋይ ናቸውና አልደገሙትም። ጅብን ለማየት ስሜን መውጣት አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ ከቄራው በታች ይመጣሉ፤ ባለቤቴ ወደዚያ ብቅ እንደሚል አውቅ ነበር። ከዚያ ሲመለስ አረማመዱ ይለወጣል፤ የፊቱ ከፍ፣ የኋላው ዝቅ ያለ ይሆናል። «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ሰው ያይሃል» እለዋለሁ። እየሳቅኩ ነበር የምለው፤ ልቤ ግን አይስቅም።

አንድ ክረምት ቱሪስት የለም፣ ትእዛዝ የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው፤ ሰሙን ይዞ ተቀመጠ። ወገቡ ዝቅ ያለው ጀርባ ገና ሲወጣ አወቅሁት።

«ይህን አትሥራ» አልኩት።

«ምነው?»

«ምን እንደምል ታውቃለህ።»

ሥራውን ሳያቆም «ዋልያውን ስሠራ ዋልያ ነህ ያለኝ አለ?» አለኝ። «ይህን ሁሉ እንስሳ የሠራሁት ይኸን ለመሥራት ይመስለኛል። ከሁሉም የሚያምር አካሄድ ያለው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ሽሽት ላይ ስለሆነ አላየውም እንጂ። ደግሞስ አሁን ቀራፂ ነኝ፤ ቀራፂ ያየውን ነው የሚሠራው።» እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ አልከለከልኩትም።

ጅቡ ከጭቃው ሲወጣ አንድም ቦታ አልጎደለም። እየሮጠ ነው፤ አንድ የፊት እግሩ ብቻ መሬት ይነካል፤ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚያሳድደውን ያያል። ሲዞሩት አብሮ የሚዞር ይመስላል። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ መጣች። አየችው። «አባባ፣ ሮጠ!» አለችና ግንዱን እየዞረች መሮጥ ጀመረች። እሱ እንደዚያ ሲደሰት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ጅቡን አየችው። የልጇን እጅ ያዘች፤ ልጅቷ ወደ ኋላ እያየች ሄደች።

እንቁጣጣሽን ለማሳለፍ እናትና ልጅ ከአይከል ወዲያ ቆላ ወዳለው የባሏ ዘመድ ዘንድ ሄዱ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ልጅቷን ትኩሳት ጣላት። እኔ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሆኜ አልሰማሁም። ስሰማ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ነበር፤ ከገጠር የመጡ የእናትየዋ አክስት ሥርና ቅጠል አጭሰውባት፣ ጭሱ እስከ መንገዱ ይሸታል። ልገባ ስል አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። «ተኝታለች» አለችኝ፤ ከውስጥ ግን ድምፅዋ ይሰማኛል። «ጅቡ… ጅቡ ሮጠ… አባባ ጅቡ» ትላለች። ሰው በትኩሳት ጊዜ የወደደውን ያያል፤ እሷም ግንዱ ላይ ያለውን ጅብ እያየች ነበር።

በሌላ አገር ልጅ በትኩሳት እንዲህ ስታወራ ቃዠች ይባላል። በእኛ አገር በጭስ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ለፈለፈ ነው የሚባለው፤ መለፍለፍ ደግሞ የበላውን ቡዳ በስሙ መጥራት ነው። አክስትየው ከልጅቷ አልጋ ሥር ተነስተው ለተሰበሰበው ሁሉ «ለፈለፈች» አሉ። ያችን ቃል በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት።

ገና ሳይመሽ እናትየዋ ወደ እኛ መጣች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ባለቤቴ ሰም በእጁ ይዞ ተነሳ፤ እሷ እግሩ ላይ ወደቀች።

«አያ፣ ልጄን ይልቀቁልኝ» አለች። «እኔ ክፉ አልሠራሁብዎትም። ከቤትዎ በልቼአለሁ፣ ጠጥቼአለሁ። እንትፍ ይበሉልኝና ትዳንልኝ።»

እኔ ጮህኩባት። ያልተባለ ነገር አልተውኩም። ይህን ሰው አባባ ስትለው ያደገች ልጅ ናት አልኩ፤ ውሃችንን የጠጣሽበት ምላስ ይደርቅ እንደሆነ እናያለን አልኩ። ባለቤቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ዝም አሰኘኝ።

«ሐኪም ቤት ወሰድሻት?» ሲል ጠየቃት።

«እንዴት እወስዳለሁ? የተበላን ሰው መርፌ ይገድለዋል ይሉኛል።»

«እኔ እንትፍ ካልኩላት በኋላስ?»

«ከለቀቋትማ ምን ይሆናል፤ ያኔ መርፌውም አይጎዳት።»

ባለቤቴ በእጁ የያዘውን ሰም አየ። ምን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ላይ አነበብኩት። እምቢ ቢል ልጅቷ ያለ መድኃኒት በጭስ ታልቃለች፤ እሱም የገደላት ሰው ይሆናል። እሺ ቢል ደግሞ በራሱ አፍ ቡዳ ነኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀራፂ የሚባል ነገር የለም። ሰሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሳሙና ታጠበ።

«አታድርገው» አልኩት። «እኔ ሐጂን እጠራለሁ፣ ፖሊስ እጠራለሁ፣ በግድ እንወስዳታለን።»

«እስከዚያ ትሞታለች» አለኝ። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞሮ «እንትፍ እላለሁ። ወዲያው ግን ሐኪም ቤት እንወስዳታለን፤ ማይልኝ» አላት። እሷም ማለች።

እኔ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ማኪናቸውን ለመንኩ፤ ስመለስ እሱ ማኪናውን ጠብቆ ገና ወደዚያ ቤት እየገባ ነበር። ሰው መንገድ ለቀቀለት። እንደዚያ ሰፊ መንገድ ተለቆለት አያውቅም። በአልጋው ላይ ጎንበስ ሲል ልጅቷ አወቀችውና እጇን አነሳች፤ አክስትየው እጇን መልሰው አልጋው ላይ ያዙት። እሱ እንትፍ አለባት። «በቃልዎ ይናገሩ» አሉት አክስትየው፤ «ለቅቄአታለሁ ይበሉ።» እዚያ ቤት ውስጥ ከተሰበሰበው የሰፈር ሰው መካከል ከእኛ ጋር ያልበላ አልነበረም። ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸውና «ለቅቄአታለሁ» አለ። ድምፁ የተለመደው ድምፁ ነበር። ቀጥሎም «በሉ አንሷት፣ ማኪናው ቆሟል» አለ።

ወባ ነበር። ሐኪሙ ደሟን አይቶ፣ እናትየዋን ምነው እስካሁን ዘገየሽ ብሎ ተቆጣት። መርፌውን ወጓት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቁጭ ብላ ምግብ ለመነች። ሰፈሩ ግን የራሱን ምርመራ ቀድሞ ጨርሶ ነበር። ማን እንደበላት ታውቋል፣ ማን እንደለቀቃትም ታውቋል፤ በላተኛው ራሱ በምስክር ፊት ተናግሯል። ሐኪሙ የሰጣትን መድኃኒት የሚያነሳ እንኳ አልነበረም።

ማንም አልሰደበንም። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። ከበፊቱ ይበልጥ ትሁት ሆኑብን። ባለቤቴ ሲያልፍ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ይልካሉ። ጎረቤታችን በየበዓሉ እንቁላልና ማር ይዛ ትመጣለች፤ በሩ ላይ አስቀምጣ፣ ግቢ ስንላት፣ «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁ» ብላ ትመለሳለች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ክታብ አስራለች። ከሩቅ ታየናለች፤ እጇን ስታነሳ እናቷ ትይዛታለች።

ከዚያ ሌሎች እናቶች መምጣት ጀመሩ። ልጃቸው ሲታመም፣ ሳይመሽ ቀደም ብለው፣ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይልቀቁልን ይላሉ። እኔ በሩን ልዘጋባቸው እሄዳለሁ፤ እሱ ይቀድመኛል። ለሁሉም አንድ ነው መልሱ፤ «እንትፍ እላለሁ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት።» እንዲህ እያለ ስንቱን ልጅ ወደ ሐኪም ቤት እንደላከ እግዜር ይወቀው። እያንዳንዷ ግን የዳነላትን ልጅ ይዛ ስትመለስ በእሱ ላይ አንድ ምስክር ይጨመርበታል። አንድ ቀን ተናድጄ «ስንት ሰው በላህ ዛሬ?» አልኩት። ስቆ ያልፈዋል ብዬ ነበር። አልሳቀም፤ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልጄ አላውቅም።

በራችን ላይ ያለውን ቆርቆሮ ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነው ያወረደው። ጅቡንም አቀለጠው። ከሸክላው ማቅለጫ ውስጥ ጀርባው መጀመሪያ ሲላላ፣ ከዚያ አንገቱ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ለአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የታዘዘ ቃጭል ነበረበት፤ ከዚያ ነሐስ ሠራው። ስለዚህ ጅባችን እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቆማል፤ አንድም ሰው ሲሸሸው አልሰማሁም። ሐጂ ብዙ ጊዜ መጥተው «አንድ ዋልያ ብቻ» እያሉ ለመኑት። «እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ሐጂ» ይላቸዋል። እጁ ደህና ነበር፤ ቃጭሉና መስቀሉ ይመሰክራል። አልታዘዝ ያለው ሌላ ነገር ነበር። ወደ ስሜን እንውጣ ስለው እሺ ይለኛል፤ ዕረፍቱ ሲደርስ ሥራ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ በብብቱ ሰም ይዞ አላየሁትም።

ልጅቷ አራተኛ ክፍል ስትደርስ እኔ ክፍል ገባች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ስለ ወባ ሳስተምር እጇን አወጣችና ትንኟን፣ የረጋውን ውሃ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ሳታዛንፍ ተናገረች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ልብ ብላ ታስብበት ይሆናል ብዬ ብዙ ዓመት ተስፋ አደረግሁ። እሱ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን አለች?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ የፈተና ወረቀቷን ይዤ ስመጣ የእጅ ጽሑፏን እንዲያይ እሰጠዋለሁ። ክፍል ስታልፍ ከልቡ ይደሰታል። ወላጆቿ ሌላ ሰፈር ቤት ሠርተው ሲገቡ ግን ዓይናችን ከእሷ ራቀ።

ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳንባው ታሞ አረፈ። ዕድሜ ልኩን የሳበው የነሐስ ጭስ ነው አሉኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሁሉ ያይ ነበር፤ ውሻውን፣ አህያውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች። አንዳንዴ ትከሻው ብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውሃ እያጠጣሁት፣ «ብትሞት ኖሮ ይብስ ነበር» አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሕጉ ነውና ሰው መጣ፤ ንፍሮውን የበሉት ግን ከእድሩ ዕቃ ቤት የመጣ መሆኑን ጠይቀው ነው። በሦስተኛው ቀን ጥሩ የለበሰች ወጣት ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷን ሳላይ በለቅሶዋ አወቅኋት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ መርዶውን ሰምታ ከባሕር ዳር ነው የመጣችው። ለእሱ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አላየሁም ነበር። «አባባ፣ አባባ» ትላለች። ጉንጬን ከጉንጯ ጋር አድርጌ አብሬያት አለቀስኩ። እነሆ ለእሱ ያለቀሰለት አንድ ሰው ተገኘ አልኩ በልቤ፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ እሷ።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ላይ ደግነት እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።

«እትዬ፣ እናቴ ሁሉን ነግራኛለች» አለችኝ። «እሳቸው ባይለቁኝ ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ከድሮም ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ልታጽናናኝ ነበር። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ወደ እኛ ያያል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልኳት።